የሁለቱ ጠርሙሶች ዝምድና

ፕሮፌሰር አንዳርጌ ፕላንክተን የሚባሉትን፣ በዓይን የማይታዩ የባሕር ነፍሳት በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ በአጽማቸው ቅርጽ ዘር ሲቆጥሩላቸው ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። «አጽም አይዋሽም» ይላሉ። እሳቸው ዘመድ ናቸው ካሉ ዘመድ ናቸው፤ ይግባኝ የለም።

አንድ ቀን ታዲያ፣ መጽሐፋቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ያላቸው፣ በሁለት ጠርሙስ የነበሩ ነፍሳት ዲኤንኤያቸው ቢመረመር በምንም የማይገናኙ ባዕድ ሆነው ተገኙ። ፕሮፌሰሩ መጽሐፍ ከማረም ሰው ማባረር ቀለላቸው። ጠርሙስ አጣቢውን አስጠሩና ባልደረቦቻቸው ፊት ወረቀት ዘረጉለት።

«አንተ ነህ ያበላሸኸው! የዚህን ጠርሙስ ወደዚያ፣ የዚያን ወደዚህ አቀያይረህ ነው! በል ጥፋቴ ነው ብለህ ፈርም፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!»

አጣቢው እስክሪብቶውን አነሳ።

«እፈርማለሁ ጌታዬ፤ ለእርስዎ ያልፈረምኩ ለማን ልፈርም? ብቻ አንዲት ነገር ያስረዱኝ።»

«ምን?»

«እርስዎ እንዳሉት ወንድማማቾች ከሆኑ፣ ወንድማማቾች መቀመጫ ስለተለዋወጡ ባዕድ ይሆናሉ እንዴ?»