ሰሷና የዳነው እግሯ

አንድ ጊዜ በአንድ ገደል ላይ የምትኖር ሰስ ነበረች። ሰስ ትንሽ የገደል ሚዳቋ ናት፤ ሌላው አውሬ ቁልቁል ለማየት የሚፈራውን ቦታ እሷ ሣር ስትግጥ ትውልበታለች። አንድ ክረምት ግን ዝናብ ያራሰው ድንጋይ ከሥሯ ተንሸራተተና አንድ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀች። የፊት እግሯ ተሰበረ።

ሁለት ወር ተኝታ እግሯ ዳነ። ልቧ ግን አልዳነም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ፤ መጀመሪያ ገደሉን ተወች፣ ቀጥላ ቋጥኙን፣ በመጨረሻም ጠጠር ያለበትን መንገድ ሁሉ ተወችና ከገደሉ ሥር ወዳለው ሜዳ ወርዳ መኖር ጀመረች። እዚያም አላረፈችም። እግሯን የምታሳርፍበትን ቦታ አጎንብሳ ሳትመረምር አንድ እርምጃ አትራመድም። ዓይኗ ከእግሯ ስለማይነሣ ማን እንደሚመጣ አታይም ነበር። ለሰስ ከዚህ የባሰ ሞኝነት የለም።

ቀበሮ ይህን አየና ሄዶ ለጅብ ነገረው። ጅብ አሁኑኑ ካልበላኋት ብሎ ተነሣ። ቀበሮ ግን ገደሉ ቅርብ ነውና እንዳታመልጠን፣ ወደ ወንዙ አሸዋ እስካወርዳት ድረስ ታገሥ አለው።

በማግስቱ ቀበሮ እንደ ደግ ጎረቤት ሊጠይቃት ሄደ።

«እግዜር ይማርሽ እህቴ» አላት። «አንዴ የተሰበረ አጥንት እንደ ሸክላ ነው። ወንዙ ዳር ለስላሳ አሸዋ አለ፤ ብትወድቂ እንኳ የሚሰብርሽ ነገር የለም። የዛሬ ሳምንት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ሰሷ ደስ አላት። ፈሪ ፍርሃቱን የሚያጸድቅለት ወዳጅ ሲያገኝ መች ይጠላል።

ይህን ሁሉ አንድ ያረጀ ሽኮኮ ከቋጥኙ ላይ ሆኖ ሰምቷል። ቀበሮ ሲሄድ ወረደና እግሯን ያማት እንደሆነ ጠየቃት። እንደማያማት ነገረችው።

«ታዲያ የሚያምሽ ምንሽን ነው?»

«ብወድቅስ የሚለው ሐሳብ ነው።»

«ትወድቂ ይሆናል» አለ ሽኮኮ። «እኔም ስንት ጊዜ ወድቄያለሁ። ፍርሃትሽን ጥለሽ ነይ አላልኩሽም፤ ይዘሽው ነይ።»

አንድ ስንዝር ከፍታ ባላት ድንጋይ ላይ አቆማት። አራቱም እግሮቿ ተንቀጠቀጡ። ልውረድ ስትለው፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ሳይል እንዳትወርድ ነገራት። ብዙ ቆየ እንጂ ጋብ አለ። በማግስቱ አንድ ክንድ ወደሚሆን ድንጋይ ወጣች። በሦስተኛው ቀን አንሸራተታትና ጉልበቷ ተላጠ፤ ተሰበርኩ ብላ አለቀሰች። ሽኮኮው ጉልበቷን አገላብጦ አየና መላጡን እንጂ አለመሰበሩን ነግሯት እዚያው ድንጋይ ላይ መለሳት። በስድስተኛው ቀን የገደሉን የመጀመሪያ እርከን ወጣች። ያኔ የወደቀችበትን ስንጥቅ ግን ከሩቅ አይታ ተመለሰች።

ሳምንቱ ሲሞላ ቀበሮ ቀጠሮውን አክብሮ መጣ። ሰሷ ወደ አሸዋው መሄዱን እንደተወችው ነገረችው። ቀበሮ ሊያባብላት ሲጀምር፣ ሆዱ ቀጠሮ የማያውቀው ጅብ ከተደበቀበት ቁጥቋጦ ወጥቶ ወደ እሷ ሮጠ። ሰሷ ያን ቀን ዓይኗ እግሯ ላይ አልነበረምና ከሩቅ አየችው። ወደ ገደሉ ሸመጠጠች፤ ጅቡም ተከተላት። ፊት ለፊቷ ያ ስንጥቅ ተደቀነ።

እግሮቿ ተንቀጠቀጡ። ጋብ እስኪል የምትጠብቅበት ጊዜ ስላልነበራት እየተንቀጠቀጠች ዘለለች። ማዶ ስታርፍ ጠጠር አንሸራተታት፤ ጉልበቷም እንደገና ተላጠ። ግን በአራት እግሯ ቆማለች።

ጅብ በበኩሉ በዕድሜው ፈርቶ አያውቅም፤ ስንጥቁን ሳይለካ ዘለለና ገደል ገባ። ነፍሱ ተረፈች፣ የፊት እግሩ ግን ተሰበረ።

አመሻሹ ላይ ሰሷ ጉልበቷን ልሳ ሣሯን ስትግጥ ከታች የቀበሮን ድምፅ ሰማች። ጅቡን ሊጠይቅ መጥቷል።

«እግዜር ይማርህ አያ ጅቦ» ይለዋል። «አንዴ የተሰበረ አጥንት እንደ ሸክላ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ፍርሃት ገደሉን ቢያሳየን ደግ አደረገ፣ መንገዳችንን እንዲመርጥልን ግን ልንተወው እንደማይገባ ነው።