የሰንኮ የቁም ለቅሶ

በሰንኮ ሸለቆ ሰኔ ሲገባ፣ ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከደጋው መንደር ከቁር አምባ የወረዱ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወንዙ ዳር ይቆሙና በሕይወት ላለ ሰው ያለቅሳሉ። ሬሳ የለም፤ ሟች የተባለው ራሱ ፊታቸው ቆሞ ስሙን ይሰማል። እንግዳ ሰው ያየ እንደሆነ «ሟርት ነው» ብሎ ያማትባል፤ ያማትብ። የአገሩ ሰው የቁም ለቅሶ ይለዋል፤ የክረምቱንም ነገር የሚያውቀው በዚሁ ነው። ለቅሶው ከበረታ ከብቱን ነድቶ ወደ ተራራው ወገብ ይወጣል፤ ከላላ ወንዙን ዳር ዳሩን ያርሳል።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ሸለቆው የፊታውራሪ ጓንጉል ግዛት ነበር። ገበሬው ተራ እየገባ በነጻ የሚያርስለት ሁዳዱ ወንዙን ተጠግቶ የተኛ ጥቁር አፈር ነው። ሰንኮ ደግሞ ተንኮለኛ ወንዝ ነው፤ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበውን ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ ከተፍ ይላል። ስለዚህ የቆላው ሰው ክረምት መግቢያ ላይ ጆሮው ወደ ደጋ ነበር፤ የቁር አምባ ሰው ገበያ ላይ «ዘንድሮ ይከብዳል» ካለው ጎጆውን ነቅሎ ይሸሻል። አንድ ዓመት እንዲህ ሸሽቶ ሁዳዱ ጦሙን ስላደረ፣ ፊታውራሪው ነጋሪት አስጎሰመ፤ ከእርሱ ግቢ ሳይነገር ስለ ክረምት ያወራ ሰው በሬው እንዲወረስ፣ ጀርባውም እንዲገረፍ አዘዘ። ከግቢው የሚነገረው ደግሞ በየዓመቱ ያው ነበር፤ ክረምቱ መልካም ነው፣ እረሱ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና ግንቦት ሳይወጣ፣ ቁር አምባ ላይ ፍልፈል ሜዳውን ለቆ አፈሩን ከጉብታው ላይ ይከምር ጀመር፤ ጉሙም ረፋድ ላይ መነሣቱን ተወ። ይህን የከባድ ክረምት ምልክት ያላየ አልነበረም፤ ቄሱም አይቷል፣ ሕፃኑም አይቷል። ግን «ዝም አይነቅዝም» እየተባባለ ሁሉም አፉን ያዘ። ዝምታው እንደማይነቅዝ እኔም አውቃለሁ፤ የሚነቅዘው ሰውየው ነው።

ከመንደሩ ትርንጎ የምትባል አልቃሽ ነበረች። አንድ ልጇ ስንሻው ቆላ ወርዶ ሚስት አግብቷል፤ በዚያ ሰሞን ተራው ደርሶ ከባልንጀሮቹ ጋር ሁዳዱ ላይ ሰፍሮ ያርሳል። እናት ሆና እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ትርንጎ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ከአራሾቹ መካከል ቆማም ደረቷን እየደቃች እንዲህ አወረደችው ይባላል፦

«ጠብ ሳይል በቆላ ሰማዩ ሳይጠቁር፣
ልጄን ውሃ በላው ሲያርስ የጌታን ምድር።»

ስንሻው በሬዎቹን አቆመ። «እማዬ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?» አላት።

የፊታውራሪው ምስለኔ ከበቅሎው ሳይወርድ ጮኸባት። «ስለ ክረምት ማውራት ክልክል መሆኑን አልሰማሽም?»

«ስለ ክረምት ማን አወራ? እኔ ልጄ ሞቶብኝ ነው።»

«ልጅሽ ይኸው ቆሟል!»

«እንግዲያው ከዚህ ያንሡልኝና ለቅሶዬን ልተው።»

በዚያ አገር ለቅሶ የሰማ ገበሬ ሞፈሩን ይጥላል፣ አልቃሽን እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሸኛል፣ ሰልስት ሳይወጣም እርሻ አይገባም። ይህን ወግ ጌታም አይሽረውም። ሟቹ ቆሞ ሲሄድ ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ስላልነበረ አራሾቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያን ጊዜ ስንሻው ጅራፉን ወረወረ። «እናቴ እያለቀሰች አላርስም፤ የሞትኩት እኔም ብሆን» አለና ተከተላት። ትርንጎ የቀሩትን በየስማቸው እየጠራች ታለቅስ ጀመር፤ የተጠራው ሁሉ ሞፈሩን እየጣለ ተራራው ወገብ ላይ ወዳለችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ምስለኔውም «ተመለሱ!» እያለ ከኋላቸው ወጣ።

ሰልስት ሳይወጣ፣ በቀትር፣ ቆላው ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ሳትኖር፣ ሰንኮ መጣ። ሁዳዱን ከነሰፈሩ፣ የተጣለውን ሞፈር ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። ምስለኔውን ወደ ሁዳዱ ሲመለስ ውሃ በላው የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን መትረፉን እመርጣለሁ፣ ለፊታውራሪው ሄዶ የሚነግር ሰው ያስፈልጋልና።

ፊታውራሪው ትርንጎን አስጠርቶ «መሬቴ ላይ ያሟረትሽበትን ሙሾ መልሺ» አላት። «ሙሾ አይመለስም ጌታዬ፤ ዘንድሮ ያልሞተ ለከርሞ ይሆነዋል» አለችው። በእግር ብረት አሰራት። አንዷን ሲያስር የቀሩትን ዝም ያሰኘ መስሎት ነበር።

በዓመቱ ሰኔ ሲገባ የቁር አምባ ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆላ ወዳለው የፊታውራሪው ደጅ ወረዱ፤ መጀመሪያ የጠሩትም ስም የጓንጉልን ነበር። ሰውየው የገዛ ሞቱን እየሰማ ምሳውን ገፋው። ትርንጎን አስፈትቶ «ዝም አሰኚያቸው» ቢላት፣ «አልቃሽን ዝም የሚያሰኘው ሟቹ ነው፤ ይነሡና ወደ ላይ ይውጡ» አለችው። ወጣም ይባላል፤ በእግሩ፣ በቅሎው እስኪጫን እንኳ ሳይጠብቅ።

ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሹም ማንም ይሁን ማን፣ በለቅሶው መጀመሪያ የሚጠራው የእርሱ ስም ነው። ባለፈው ሰኔ አንድ አዲስ የወረዳ ሹም ወንዙ ዳር ቆሞ ስሙ ሲለቀስ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ሬዲዮው እኮ ዝናቡ መደበኛ ነው ብሏል!» ብሎ ተቆጣ።

«ሰምተናል ጌታው» አለችው አንዲት አልቃሽ። «ሬዲዮው ግን ሰንኮ ዳር ልጅ የለውም።»

ከዚያም ስሙን ከነአባቱ እየጠራች ለቅሶዋን ቀጠለች፤ ሰውየው ሱሪውን ሰብስቦ ዳገቱን እስኪጀምር ድረስ።