ባሕር ተሻግሮ የመጣው ከሰል

«ብረት የሚያቀልጥ አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ መሪጌታ ጥዑመልሳን። የጠየቃቸው ይሁኔ ነው፤ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አባቱ የሞተው እሱ ጡት ሳይጥል ነበር። ያሳደጉት ከሌላ አውራጃ መጥተው እናቱን ያገቡት እንጨት ሰንጣቂው ጋሽ ደገፉ ናቸው። አጎቶቹ ግን «እኛ ሥጋህ እያለን፣ በሠርግህ ቀን የባዕድ ጉልበት ስትስም ልናይ ነው?» ብለው አፋጥጠውታል። ግራ ቢገባው «የኔታ፣ እንደ አባት የማንን ጉልበት ልሳም?» አላቸው። መሪጌታም መልሱን በዚህ ሰው ታሪክ ሰጡት።

ሰውዬው የተወለደው ከድሀ አገር ነው። አገሩ ብረት ያዘለ ድንጋይ እንደ ልብ ነበራት፤ ሚስማርና ማረሻ ግን ከውጭ ታስመጣለች። ይህ ያንገበግበው ነበርና ያለ የሌለውን አፍስሶ ትልቅ የብረት ማቅለጫ ምድጃ አቆመ።

የዚህ ዓይነት ምድጃ አመሉ ለየት ያለ ነው። ከላይ አንድ ረድፍ ከሰል፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረበ ይገባበታል፤ ከታች ነፋስ በኃይል ይነፋል። ከሰሉ መንደዱ ብቻ አይበቃም። ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ሳይደቅ መቆም፣ ለነፋሱም መተላለፊያ መተው አለበት። የአገሩ የድንጋይ ከሰል ደግሞ ልፍስፍስ ነው፤ ሲጫኑት ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ሰውዬው ተጠብሶ የጠነከረ የድንጋይ ከሰል ባሕር ማዶ ካለ አገር ያስመጣ ነበር። እስከ ወደቡ በመርከብ፣ ከወደቡ በከባድ መኪና ይደርስለታል።

እሱ ግን ያፍርበታል። በጆንያው ላይ ያለው የባዕድ ጽሑፍ እንዳይታይ በጀርባው እያስገለበጠ ነበር የሚያስቀምጠው። የባሰው ደግሞ የምርቃቱ ነገር ነው። በዚያ ምድጃ ቤት ደንብ ነበር፤ የቀለጠው ብረት ከመቀዳቱ በፊት፣ ነፋሱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ሠራተኛ ቆባቸውን አውልቀው፣ ለብረቱ የደከመውን ሁሉ በየተራ ይመርቃሉ። ድንጋዩን የፈለጠ እጁ ይባረክ፣ አሜን። ያጓጓዘ እግሩ አይሰናከል፣ አሜን። ለተጠማ ውኃ ያቀበለች ወልዳ ትሳም፣ አሜን። አንድ ቀን ሽማግሌው «ከሰሉን የቆፈሩልንስ?» ቢሉ ሰውዬው ቆጣ ብሎ «እሱን ገዝተነዋል፤ ለተገዛ ነገር ደግሞ ምን ምርቃት ያስፈልጋል?» አለ። ድንጋይ ፈላጩም እኮ ደመወዝተኛ ነው! ይህን ግን አላሰበውም።

ከዚያ አንድ ከባድ ሥራ መጣ። የአገሩ ትልቅ ወንዝ ክረምት በገባ ቁጥር ሰው ይወስዳል፤ ማዶ ያሉት ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት እንኳ ወደ ሐኪም ማሻገር አይችሉም። ድልድይ እንዲሠራ ተወሰነ፤ ብረቱን ዝናብ ሳይገባ ሊያደርስ እሱ ቃል ገባ። ሊጎበኙ የመጡ የአገር ትልልቅ ሰዎች ምድጃውን አይተው ተደነቁና «ሁሉም ነገር ከዚሁ ከአፈራችን ነው?» አሉት። አዎ ብሎ እርፍ! አንዴ ከአፉ አምልጦታልና ቃሉን እውነት ሊያደርገው ተነሣ። በዚያው ሳምንት ከወደብ ከሰል ጭነው የመጡትን መኪኖች ከበር መለሳቸው፤ ለምድጃውም የአገሩን ከሰል አጎረሰው።

የመጀመሪያውን ቀን ደህና ዋለ። በማግስቱ ከሰሉ ደቀቀ፣ ነፋሱ ታፈነ። ሽማግሌው በምድጃው መስኮት አጮልቀው አዩና «ጌታዬ፣ ብረቱ እየረጋ ነው። ከረጋ ደግሞ ምድጃው ይፈርሳል እንጂ አይነሣም» አሉት። ሰውዬው ወንዙ ታየው፤ ከወንዙ ዳር የሚጠብቁት ሰዎች ታዩት።

«መኪኖቹ የት ደርሰው ይሆን?» አለ። «ከከተማው መውጫ ላይ ናቸው፤ አልሄዱም» አሉት። እየሮጠ ሄደ። የሾፌሮቹ አለቃ ከመኪናው ጥላ ሥር ጋደም ብሏል።

«ለምን አልሄዳችሁም?»

«ምድጃ ያለዚህ ከሰል እንደማይዘልቅ እናውቃለን ጌታው። ንዴትዎ እስኪበርድ ብለን ነው።»

ሰውዬው ሾፌሩን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። የመጀመሪያውን ጆንያ ራሱ ተሸከመው፤ ጽሑፉንም ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደ ውጭ አዞረው።

ቀኑን ሙሉ የደቀቀውን በረጅም ዘንግ ሲጎረጉሩ፣ ጠንካራውን ከሰል ሲጨምሩ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ነፋሱ መንገድ አገኘ፤ ምድጃው እንደገና አጉረመረመ። ብረቱ ሊቀዳ ሲል ሽማግሌው ምርቃቱን ጀመሩ። ሰውዬው «ቆዩኝ» አለና የራሱን ቆብ አወለቀ። «በማላውቀው አገር ከመሬት ሆድ ገብተው ይህን ከሰል የቆፈሩ፣ የጠበሱ፣ በመርከብ ያሻገሩ፤ ስማቸውን አላውቀውም፣ እናቶቻቸው ያውቁታል። እጃቸው ይባረክ። ልጆቻቸው ይደጉላቸው። በእነሱ ድካም ስሠራ ኖሬ በእነሱው ማፈሬን ይቅር ይበሉኝ።» አሜኑ ምድጃ ቤቱን አናጋው።

ድልድዩ ከዝናቡ በፊት ተዘረጋ። የአገሩ ከሰልም አልተጣለም፤ ጡብ ማቃጠያ ሆነና ስንት ቤት ተሠራበት።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ይሁኔ ዞሩ። «ምድጃው አንተ ነህ ልጄ። አጎቶችህ የአገርህ ከሰል ናቸው፤ ሥጋህ ናቸውና አትጣላቸው፣ የክብር ቦታም ስጣቸው። ግን የአንተን ሸክም ይዞ ሃያ ዓመት ሳይደቅ የቆመው ማን ነው? ስትታመም አዝለው ሐኪም ቤት ያደረሱህስ? ከሩቅ መምጣታቸው ውለታቸውን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ዘመድ ቢያሳድግህ ግዴታው ነው፤ ጋሽ ደገፉን ማን አስገደዳቸው? ጉልበታቸውን ሳም። ሰው ሁሉ እያየህ፣ አባቴ ብለህ ሳም።»

ይሁኔ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እሺ የኔታ፣ የሠርጌ ዕለት...» ማለት ሲጀምር አቋረጡት።

«የምን የሠርግ ዕለት! አጎቶችህ ያሉት ከጋሽ ደገፉ ጆሮ የደረሰ አይመስልህም? ሁለት ሳምንት ሙሉ እያሰቡት ሊያድሩ ነው? አሁኑኑ ተነሥ። ብትፈጥን መጋዛቸውን ሳያስቀምጡ ትደርስባቸዋለህ።»