ከሥር የቀረው ማሽላ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ቁጭ በይና ስሚኝ፣ ወለተ ሐና። «ልጄ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ሰው ሁሉ ጥቁሩን አውልቂ፣ ይብቃሽ ይለኛል። ባወልቀውስ ልጄን መክዳት አይሆንብኝም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ የነፍስ አባትሽ ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁም፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሴትዮዋ የሞተችው ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በገዛ እጇ ጎተራ አስገብታው ስታበቃ ነው። ባልና ልጆች ከዚያ ሲበሉ ከረሙ። እህሉ ወደ ጎተራው ወለል ሲቃረብ ግን ሰውየው እጁ ታሰረ። «ይሄ የእሷ እጅ የነካው ነው» አለና ተወው። ልጆቹን በጎመንና በድንች አከረማቸው እንጂ ያንን አልነካም።

አዲሱ አዝመራ ደረሰ፤ እግዜር ይመስገን፣ ጥሩ ነበር። የአገሩ ልማድ ይታወቃል። አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት አሮጌው ይወጣል፣ ጎተራው ይጠረጋል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ከዚያ የደረቀ የብሳናና የግራዋ ቅጠል ተወቅጦ ከእህሉ ጋር ይደባለቃል። ነቀዝ ያንን ሽታ አይወድም። ሰውየው ደግሞ ሰነፍ አልነበረም። ቅጠሉን ለቀመ፣ ጥላ ውስጥ አደረቀ፣ ወቀጠ፣ አመድም ጨመረበት። አንድ ነገር ብቻ አልሆነለትም፤ የሚስቱን ማሽላ ማውጣት። አዲሱን በላዩ ገለበጠበት።

አማቱ፣ የሟቿ እናት፣ ልትጠይቀው መጥታ ይሄን አየች። «ልጄ፣ ቅጠል እኮ የሚመጣውን ነው የሚመልስ፤ የገባውን አያስወጣም። ከአሮጌ እህል ነቀዝ አይጠፋም፤ አውጣው» አለችው።

«የልጅዎን እጅ ከቤቴ ጠርጌ ልጣለው ነው የሚሉኝ?» ብሎ ጮኸባት።

እሷም እናት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ወደ መንደሯ ተመለሰች።

ክረምት ገባ። ሰውየው እጁን ወደ ጎተራው ቢሰድ እህሉ ይሞቃል፤ ዘግኖ ቢያወጣው መዳፉ ላይ የቀረው ዱቄት ነው። ለካ ነቀዙ ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ ሲበላ ከርሟል። «ወይኔ!» አለ። ወይኔ ማለት ግን ልጅ አያበላም። ትልቋን ሴት ልጁን ሩቅ አገር ላለች ዘመድ ሰጣት። «እህል እስኪደርስ ነው፣ የኔ ልጅ» አላት። ልጅቱ ቀሚሷን በጨርቅ ቋጥራ ሄደች።

አማቱ ይህን ሰምታ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጎተራው ውስጥ ገባችና እህሉን እየዛቀች ወደ ደጅ አወጣችው። ሥሩ ጋ ስትደርስ የልጇን ማሽላ በሰፌድ አድርጋ አበጠረችው። ነፋሱ ይዞት ሄደ። ሰውየው ተንበርክኮ ሰፌዱ ላይ አንዲት ሙሉ ፍሬ ፈለገ። አንዲት! አጣ። ያን ጊዜ ሚስቱ ገና ዛሬ የሞተች ይመስል አለቀሰ፤ አማቱም አብራው አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ጎተራው ተጠርጎ ታጠነ፤ የሚቀጥለው ዓመት እህልም ደህና ከረመ። ልጅቱ ግን የሄደችበትን አገር ለምዳ እዚያው ቀረች። አባቷ ሊጠይቃት ሲሄድ ልክ እንደ እንግዳ ብድግ ብላ ነው የምትቀበለው።

እንግዲህ ወለተ ሐና፣ አልቅሺ፤ እንባሽን የከለከለሽ የለም። ጌታም አልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል። ጥቁሩንም ብትፈልጊ ልበሺው፣ እኔ ስለ ልብስ አልጨቀጭቅሽም። ትጾሚያለሽ፣ ትሰግጃለሽ፣ ጠበል ትሄጃለሽ፤ ያ ሁሉ ደግ ቅጠል ነው። ከሥር ግን የልጅሽን ክፍል ቆልፈሽ፣ አልጋውን አንጥፈሽ ትጠብቂያለሽ፤ ትንሿ እህቱ መደብ ላይ ታድራለች። ያ የቆለፍሽው ክፍል እሱን አላቆየልሽም፤ እሷን ግን እየበላብሽ ነው።

ትናንት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። «አባ፣ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ብቀር እማዬ መሄዴን ልብ ትላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገ ተመለሺ ብዬ ሸኘኋት። ይሄን ጥያቄ እኔ አልመልስላትም። ተነሺ፣ ሂጂ፤ አንቺው መልሺላት።