የጓንጉል መርዶ

ጨው በበቅሎ ጀርባ ከቆላ በሚወጣበት በአንድ ወቅት፣ ጓንጉል የሚባል የላስታ ነጋዴ ወደ ቆላ ወርዶ ቀረ። ክረምቱ ሊገባ ተቃርቦ ነበር። ሚስቱ ይመኙሻል ሦስት ልጆቿን ጠርታ፣ «አባታችሁ አለ ወይስ የለም? ቁርጡን አምጡልኝ» አለቻቸው። ልጆቹም በሦስት አቅጣጫ ሄዱ።

ትልቁ ቢሻው በአገሩ ሁሉ ወደሚከበሩት ወደ መምሬ ክንፉ ሄደ። ሐሰት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «ጎርፍ ወሰደው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አላየሁም» አሉት። እሳቸው ካሉት ሌላ ምን ያሻል ብሎ ተመለሰ። «አላየሁም» ማለታቸውን ግን ለእናቱ አልነገራትም።

መካከለኛው ደምለው ገበያ ወረደ። ነጋዴውን፣ ጫኙን፣ ጠላ ሻጯን፣ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። ሁሉም «ጎርፍ ወሰደው» አሉት። ይህ ሁሉ ሰው አይሳሳትም ብሎ እዚያው አለቀሰ። ከማን እንደሰሙ ግን አንዳቸውንም አልጠየቀም። ሁሉም የሰሙት ወንዙ ድንገት ሲሞላ ፈርቶ ከዳር ከተመለሰ ከአንድ ጫኝ ነበር። ከመምሬ ክንፉ ጆሮ የደረሰውም ያው ወሬ ነው።

ታናሺቱ አንጓች ደግሞ ፈንቴ የሚባል የበቅሎ ሌባ ከቆላ ተይዞ መምጣቱን ሰምታ፣ በዳኛው ግቢ በሰንሰለት ታስሮ አገኘችው።

«አባትሽ አልሞተም» አላት። «እግሩ ተሰብሮ ከወንዙ ማዶ አንዲት መበለት ቤት ተኝቷል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። በቅሎውን እሜቴ እያለ ነው የሚጠራት። አስፈቺኝና ወንዙ ሞልቶ ሳይዘጋ ልውሰድሽ።»

በቅሎዋን እሜቴ ማለቱን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ደግሞም አንጓች አባቷ እንዲኖርላት አጥብቃ ትመኝ ነበር። ያሳመናት የትኛው እንደሆነ ራሷም ለይታ አታውቀውም።

ቤት ሲገናኙ ፈንቴ ያላትን ብትነግራቸው ቢሻው ሳቀባት። «የበቅሎ ሌባ የበቅሎ ስም ቢያውቅ ይገርምሻል? እሱ ራሱ ዘርፎት ይሆናል፤ ገድሎትም ይሆናል።»

«ለመፈታት ሲል የማይለው የለም» አለ ደምለው።

እናቷ ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺስ ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ይመስለኛል፣ እማዬ።»

ይመኙሻል ከል ለበሰች። አንጓችም ከወንድሞቿ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች፤ የተዝካሩን ጠላ የጠመቀችውም እሷ ናት።

ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል አንዲት የማያውቋት ሴት እሜቴን እየሳበች ደጃቸው ቆመች። መበለቲቱ ነበረች።

«ክረምቱን ሙሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተኛ» አለቻቸው። «ወጌሻ ቢያገኝ ይድን ነበር፤ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ? ቁስሉ አመርቅዞ ገደለው። ‹ልጆቼ ቢሰሙ ኖሮ ይመጡ ነበር› እያለ ነው የሞተው። ሲናዘዝም ‹መሬቴ በእውነት ለፈለገኝ ልጄ ይሁን› ብሏል።»

ይመኙሻል አልጮኸችም። «በቁሙ አለቀስኩለት» አለች። ከዚያ ወዲያ ለልጆቿ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

መሬቱ ለማን እንደሚገባ ሊፈርዱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

«ከመምሬ የበለጠ የሚታመን ማንን ልጠይቅ?» አለ ቢሻው።

«እኔ በአንድ ሰው ቃል አልተመለስኩም፤ እግሬ እስኪቆስል ሁሉንም ጠይቄአለሁ» አለ ደምለው።

«እውነቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች አንጓች።

ቢሻው ዞረባት። «ታዲያ ለምን አልሄድሽም? እኛ ሞቷል ብለን ቀረን። አንቺ ግን አለ ብለሽ ቀረሽ።»

ሽማግሌዎቹም ሳይፈርዱ ተነሡ። መሬቱ ጦም አደረ፤ ሦስቱም ተኳርፈው በየፊናቸው ተሰደዱ፤ እናትየው ብቻዋን ቀረች።

እናንተ ግን ገና አልተነሣችሁምና ፍረዱ፦ ጓንጉልን በእውነት የፈለገው የትኛው ልጁ ነው?