ለአንድ ድምፅ ሦስት ቤት

ግባ፣ ግባ፤ በሩን ገርበብ አድርገውና ስማ፣ ነገሩ ተጀምሯል። በአንድ ወቅት ብዬ ከሩቅ አላመጣብህም፤ ያለፈው ጥቅምት ነው፣ ቦታውም እዚሁ ደሴ፣ ይቺው የስልክ መጠገኛዬ ናት። እትዬ ውብዓለም በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጮኻለች።

«ተናገሪ እንጂ! ምን ዘጋሽ?»

የምትቆጣት ራሷን ነው። እንዴት በለኝ። እትዬ ውብዓለም ዓይነ ስውር ናት። «ልሳን» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ስልኩ ላይ የተጻፈውን አማርኛ ጮክ ብሎ ያነባል። ሲሠራ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ጠፋና እሷ ክረምቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ የጎረቤት ዶሮ በጮኸ ቁጥር እየተሳደበችና እየደገመች፣ ድምፅዋን ቀዳች። ከዚያ ወዲህ የደሴም የጎንደርም ዓይነ ስውር መልእክቱን የሚሰማው በእሷ አፍ ነው። ለእሷም የምታነብላት ራሷ ናት።

ልሳን ነፃ ነው። ነፃ ሲባል አይሸጥም ማለት ብቻ አይደለም፤ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ነው። የፈለገ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይወስደዋል። የጻፉት ሦስት ልጆች ናቸው። ሳንቲም አላገኙበትም፤ ያተረፉት ጭቅጭቅ ነው።

የጭቅጭቁ ነገር ኮዱ የት ይቀመጥ የሚል ነው። አትሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ኖላዊ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የማያውቀው ሰው የለም። «የዓለም ሰው ኮዱን የሚያስቀምጥበት ትልቅ የውጭ ድረ ገጽ አለ፣ እዚያ ይሁን» ይላል። «ገበያው እዚያ ነው። ሰው በሌለበት ጥግ ተቀምጠህ ማን ይረዳሃል?»

ሐመልማልም አዲስ አበባ ናት፤ ኮልፌ፣ ከእናቷ ጋር። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከቡፌው ሥር፣ ቀን ከሌት የሚያንጎራጉር አሮጌ ኮምፒውተር አላት፤ ኮዱን አስቀምጦ ለጠየቀ ሁሉ የሚያድለው ሰርቨሯ እሱ ነው። «ያ ድረ ገጽ የሰው ቤት ነው» ትላለች። «የራሱ ኮድ የተቆለፈ ነው። ነፃ ነገር ሠርተን የዝግ ቤት ጥገኛ ልናደርገው? ባለቤቱ የተቆጣ ቀን ዕቃህን እንኳ አያወጣልህም።»

ጃፋር ኮምቦልቻ ነው ያለው። በሁለቱም ይስቃል። «ኔትወርክ ሲኖር ብቻ የሚሠራ ነገር ለእኛ አይሆንም። ያረምከውን በኢሜይል ላክልኝ፣ ካልሆነም በፍላሽ፤ በእጄ አስገባዋለሁ።»

ኖላዊ እሱን «ሙዚየሙ» ይለዋል። ጃፋር ደግሞ ኖላዊን «ደጅ ጠኚው» ይለዋል። ሐመልማልን ሁለቱም «የቡፌዋ እመቤት» ይሏታል፤ አትወደውም።

ዓመት ሙሉ ተጻጻፉ። ለጭቅጭቁ የጻፉት ለልሳን ከጻፉት ይበልጣል፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቋረጥኩት ለእኔ እንኳ ይሄ ይታየኛል። በመጨረሻ ምን አደረጉ? ሦስቱም ኮዱን እየገለበጡ ወደየቤታቸው ወሰዱት። ሦስቱም በዚያው ስም፣ በዚያው ምልክት፣ «ዋናው ልሳን እዚህ ነው» ብለው ለጠፉ። «ቢያንስ ስሙን ቀይሩት» ቢባሉ ሦስቱም እምቢ። ስሙን የቀየረ ተሸነፈ ማለት ነዋ!

እትዬ ውብዓለም ይህን ከየት ታውቃለች? ስልኩ «አዲስ ልሳን መጥቷል» ሲላት እሺ አለች። በሳምንቱ ሲላትም እሺ አለች። ግማሹ ከአንዱ ቤት፣ ግማሹ ከሌላው መጣ፤ እርስ በርስ አልተዋወቁም። ድምፅዋ ጠፋ።

የጠፋው ደግሞ ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት አንድ ድርጅት ለደንበኞች መልስ ሰጪነት ሊፈትናት ቀን ሰጥቷታል። «ዓይነ ስውር ቀጥረን አናውቅም፤ ስልኩ የደንበኛውን መልእክት ካነበበልዎ ግን መጥተው ያሳዩን» ብለዋታል። ስንት ቢሮ ከደጅ መልሷት ያገኘቻት በር ናት። ሌላ አትመጣም።

እኔ ስልኩን ባገላብጥ ባገላብጥ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ለሦስቱም ደወልኩ። ምን ብዬ እንደሰደብኳቸው ይቅርብህ።

አሁን እያንዳንዱ ያደረገውን ልንገርህ፤ ለአንዱም አላዳላም።

ኖላዊ ችግሩን በዚያ በትልቁ ድረ ገጽ ላይ አስጮኸው። «አንዲት ሴት ሥራ ሊያመልጣት ነው» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ማንም የማያውቀው፣ አማርኛ የማይችል፣ የት አገር እንዳለ እንኳ ያልተናገረ ሰው ጥፋቱ ያለበትን መስመር አሳየው፤ ማረሚያውንም ጽፎ ላከ። ሦስቱ ሲያፈጡበት የዋሉትን! ግን ማረሚያው ብቻ አልበቃም። ድብልቅልቁ የድምፁን ቅጂ አበላሽቶታል፤ ዋናው ቅጂ ያስፈልጋል። ኖላዊ ላውርደው ቢል፣ ድረ ገጹ «ከተፈቀደልህ መጠን አልፈሃል» ብሎ ቆልፎበታል። አቤት ቢል የሚመልስለት ማሽን ነው።

ሐመልማል ጋ ድምፁ እንዳለ አለ፤ የጎረቤቱ ዶሮ ጩኸት ሳይቀር፣ ከቡፌው ሥር። ሁለቱ «ይሄን ሁሉ ምን ያከማችሻል?» ሲሏት አልሰረዘችም ነበር። እሷ ባትኖር እትዬ ውብዓለም ዳግመኛ ክረምቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ልትከርም ነው። ግን ዓርብ ኮልፌ መብራት ሄደና ሰርቨሩ ድርግም አለ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፋ በታክሲ አክስቷ ቤት ወሰደችው። እዚያ ሰክታ ልትልክ ስትል ደግሞ በእኛ በኩል ኔትወርክ የለም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ጭጭ።

ጃፋር ማረሚያው ኔትወርኩ ሳይጠፋ በኢሜይል ደርሶታል፤ ትንሽ ጽሑፍ ናት። ድምፁ ግን ከባድ ነው። እሱ እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ያውቃልና ለሐመልማል ቀድሞ «መላክ ካቃተሽ ፍላሽ ላይ አድርጊና ለአውቶቡስ ረዳት ስጪ» ብሏት ነበር። ፍላሿ ቅዳሜ ተሳፈረች። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆሞ ተቀበላት፣ ማረሚያውንና ድምፁን በእጁ አጋጠመ፣ እሁድ ወደ እኛ ወጥቶ እዚህች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኳ ላይ ጫነላት። ስልኩ አንዴ ተንተባተበና «እንደምን ዋልሽ» አላት፤ በገዛ ድምፅዋ።

«የት ከርመሽ ነው አንቺ ባለጌ!» አለችና አለቀሰች።

ልብ በል ታዲያ፤ ጃፋር ያዳነው አንድ ስልክ ነው። የጎንደሩ ዓይነ ስውር ፍላሽ የሚያደርስለት ዘመድ ከሌለው ስልኩ ገና ዝም እንዳለ ነው።

ሰኞ ፈተናውን አለፈች። አለቃዋ ግን ጠራቻት። «እንደ እርስዎ ያሉ ሌሎችም ልንቀጥር ነው። ልሳንን ከየት እናውርደው? ሦስት ቦታ አየን፤ ዳግመኛ ቢደባለቅ እርስዎም ሥራ ያቆማሉ። አንድ አድራሻ ያምጡልን፤ አንድ ካልሆነ ይቅርብን።»

በሳምንቱ ሦስቱም እዚህ መጡ። «ድምፁ የእሷ ነው፤ እሷ የመረጠችው የልሳን ቤት ይሁን፣ የቀረነው እንዘጋለን» ብለው ተማማሉ። ደስ አለኝ። ምራቄን ሳልውጥ ጀመሩት።

«እኔ ባላስጮኸው በሽታውን ማን ያገኘው ነበር?» አለ ኖላዊ።

«በሽታውን አግኝተህ ድምፁን ከየት ልታመጣ ነበር?» አለች ሐመልማል።

«ሁለታችሁም መድኃኒቱን ታቅፋችሁ አዲስ አበባ ነበራችሁ» አለ ጃፋር።

«አንተ ዝም በል፣ ሙዚየም!»

«ደጅ ጠኚ!»

«እኔ ቤት አትጩሁ!» ብዬ ሦስቱንም አስወጣሁ። ደጅ ቆመውም አላቆሙም፤ ድምፃቸው ይሰማል።

እትዬ ውብዓለም በርጩማዋ ላይ ቀረች። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻሸዋለች።

«ለእኔ ቢተዉልኝ» አልኳት፣ «ሦስቱንም በዚህ የስልክ መበየጃ ካውያ ነበር የማጣብቃቸው።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«ተው እንድሪስ። ሦስቱም ሰበሩኝ፣ ሦስቱም ጠገኑኝ። ነገ ጠዋት ቢሮ ስገባ አንድ አድራሻ እጠየቃለሁ። ሁሉንም አይተሃልና እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ድምፄን ማን ቤት ላሳድረው?»