ዳንቴል የሚሠራው ሾፌር

ወገኖቼ፣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበረ። አዳማ ነው የሚኖረው፤ ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ይነዳል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና። ይህ ሰው ምን የሚወድ ይመስላችኋል? ኪሮሽ ይዞ ዳንቴል መሥራት!

ልጅ ሳለ እግሩን ታሞ ቤት ሲውል እናቱ ናት ያስተማረችው። እጁ በዚያው ለመደ። ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የጋቢናውን መጋረጃ ዘግቶ ይሠራል። ሰው ካንኳኳ ክሩን ከመቀመጫው ሥር ይወሽቃል። ለምን? ወንድ ልጅ ዳንቴል ይሠራል እንዳይባል።

ቤቱ የገባ እንግዳ ሁሉ የሶፋውን ልብስ አይቶ ያደንቃል። ማን ሠራው ሲባል እሱ አንገቱን ይደፋል፤ ሚስቱ ወሰኔ እኔ ነኝ ትላለች። ለባሏ ክብር ብላ ነው። ውሸት ግን ውሸት ነው፤ እያደር ይከብዳል።

አንድ እሑድ የሴቶች ኅብረት መሪዋ እትዬ አስካለ ቤታቸው መጡ። ሥራ ላጡ እናቶች ዳንቴል እንድታስተምርላቸው ወሰኔን ለመኗት። ጊዜ የለኝም አለች። ሌላ ምን ትበል? እትዬ አስካለ አዘኑ፤ እግዚአብሔር የሰጠሽን ለድኻ ትነፍጊያለሽ ወይ ብለው ገሠጿት። ዐይኗ ዕንባ አቀረረ።

ሰውየው ይህን አየ። በእሱ ሰበብ ሚስቱ ንፉግ ተባለች! ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና ጅምር ዳንቴሉን ይዞ ወጣ። እፊታቸው ተቀምጦ ይሠራ ጀመር።

"እትዬ፣ እሷን አይውቀሷት" አለ። "የሠራሁት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው የደበቅሁት።"

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው የጣቶቹን ሥራ አዩ። ከዚያ "እንግዲያው አንተ ታስተምራቸዋለህ" አሉት።

አስተማረ። አልተሳቀበትም? እንዴታ፣ ተሳቀበት እንጂ! ሾፌሮቹ "ዳንቴሉ" የሚል ስም አወጡለት። እሱ ግን መጋረጃውን ከፍቶ መሥራቱን ቀጠለ። ውሎ አድሮ ከሳቂዎቹ አንዱ፣ ገዛኸኝ የሚባል፣ ብቻውን መጣ። መጠጥ ካቆመ ወዲህ ወረፋው አልገፋ ብሎት፣ ሥራ የፈታ እጁ ወደ ጠርሙሱ እየሳበው ተቸግሮ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔንም አስተምረኝ አለው። ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ገዛኸኝም ወደ መጠጡ አልተመለሰም።

እናንተስ ወገኖቼ? አንዳችሁ በስተርጅና ዋሽንት መማር ያምራችኋል። አንዳችሁ ስለ እንሽላሊት ስታነቡ ደስ ይላችኋል። ኃጢአት ነው? አይደለም። ታዲያ ለምን ታፍራላችሁ? ሐሜት ስናወራ አናፍርም፤ ሰው ስንበድል አናፍርም፤ በተሰጠን ጸጋ እናፍራለን!

ስትደብቁ ሸክሙ እናንተ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የሚወዳችሁ ሰው አብሮ ይጎብጣል። የሚስቅባችሁም ሁሉ ጠላት አይደለም። አንዳንዱ የሚስቀው የእሱም ልብ ያንኑ ስለሚመኝ ነው፤ የሚቀድመው ሰው አጥቶ ነው።

ስለዚህ ቅደሙት። ዛሬ ቤት ስትገቡ የደበቃችሁትን ለአንድ ሰው ንገሩ።